ግራ ዓይንና ቀኝ ዓይን፤ እንስሳት ወዳጅንና ባላጋራን በየትኛው ወገን እንደሚመለከቱ

በአገራችን ቋንቋ ቀኝ የተመሰገነ፥ ግራ ግን የተነቀፈ ነው። መንገደኛውን ስንሸኝ በቀኝ ያውልህ ብለን እንመርቃለን፤ የታመነውን ሰው ቀኝ እጄ ነው እንላለን። ነገሩ የጠፋበት ሰው ደግሞ ግራ ገባኝ ይላል፤ ከማለዳ ጀምሮ ሲቈጣ የዋለውንም በግራ ጐኑ ተነሥቶ ነው ብለን እናማዋለን። ይሁን እንጂ ይኸው ቋንቋችን ወደ ችሎት በገባ ጊዜ ሌላ ጥበብ ይናገራል። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድነት ግራ ቀኙ ይባላሉ፤ ግራ ቀኙን ሳይሰማ የፈረደ ዳኛም ዳኛ አይባልም። በቀድሞው የጦር ሥርዓት ቀኛዝማች የቀኙን ክንፍ፥ ግራዝማች የግራውን ክንፍ ይመሩ ነበር፤ በማሕሌትም ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ በየወገናቸው ይቆማሉ። ከሁለቱ አንዱ የጐደለበት ሰልፍም ሆነ ማሕሌት ሙሉ አይሆንም።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በጉባ ወረዳ የዓባይን ወንዝ የያዘው ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብም ለዚሁ ነገር ምሳሌ ይሆናል። መሐንዲሶች ፊታቸውን ውሃው ወደሚወርድበት አዙረው አንደኛውን ዳር ግራ፥ ሁለተኛውን ዳር ቀኝ ይሉታል፤ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚመነጭባቸው ሁለት ቤቶችም አንዱ በግራ፥ አንዱ በቀኝ ተሠርተዋል። ሥራው በ2003 ዓ.ም. መጋቢት 24 ቀን ተጀምሮ በ2017 ዓ.ም. ጳጕሜን 4 ቀን የተመረቀው ይህ ግድብ፥ ወንዙ አንድ ሲሆን በሁለት ወገን ይሠራል።

የእንስሳትም ራስ እንዲሁ ነው። በአሶሳ ቈላ የሚኖረው ዝንጀሮ፥ በስሜን ተራራ የሚሰማራው ጭላዳ፥ በየደጃችን የምትጭረው ዶሮ፥ በየበራችን የተኛው ውሻ፥ ሁሉም በአንድ ቅል ውስጥ ሥራቸውን ለግራና ለቀኝ አከፋፍለው ይኖራሉ። ይህ ክፍያ በምን ዓይነት እንደ ሆነና ለእኛም ለልጆች አሳዳጊዎች ምን ትምህርት እንደሚሰጥ በዚህ ጽሑፍ እንገልጣለን። አንባቢዎቻችን አስቀድመው እንዲያውቁልን የምንሻው ግን ይህን ነው፤ በቋንቋችን የተነቀፈው ግራ ወገን፥ በእንስሳት ኑሮ ወዳጅን ከባላጋራ የሚለይና ልጅን ከእናቱ ጋር የሚያስተሳስር የከበረ ወገን ሆኖ ተገኝቷል።

የአንጎል ሁለት ወገን

ባቄላ በልጧ ውስጥ ሁለት ክክ ሆና እንደምትገኝ፥ አንጎልም በቅሉ ውስጥ ሁለት ወገን ሆኖ ይገኛል። በሰው ዘንድ ሁለቱን ወገን የሚያገናኘው ድልድይ ወደ 200 ሚሊዮን በሚደርሱ ስስ ክሮች የተሠራ ነው። የሚያስደንቀው ግን የግራው አንጎል የቀኙን አካል፥ የቀኙ አንጎል ደግሞ የግራውን አካል የሚያዝ መሆኑ ነው።

ስለ ዓይንም ነገሩ ከዚህ ጋር ይስማማል። እንደ ዶሮና እንደ ዓሣ ዓይኖቻቸው በራሳቸው ግራና ቀኝ በተተከሉት እንስሳት ዘንድ፥ የግራው ዓይን ነርቭ ተሻግሮ ወደ ቀኙ አንጎል፥ የቀኙም ተሻግሮ ወደ ግራው አንጎል ይሄዳል። ሰውና ዝንጀሮ ግን ሁለቱም ዓይኖቻቸው ወደ ፊት የሚመለከቱ ስለ ሆኑ፥ ከእያንዳንዱ ዓይን የሚወጣው ነርቭ ግማሹ ይሻገራል፥ ግማሹም በወገኑ ይቀራል። ስለዚህ በእነርሱ ዘንድ የሚቈጠረው ዓይኑ ሳይሆን ነገሩ የታየበት ወገን ነው፤ ፊታቸውን አቅንተው ሲመለከቱ በስተ ግራቸው ያለው ነገር ሁሉ አስቀድሞ ወደ ቀኙ አንጎል ይደርሳል።

ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በ1861 ዓ.ም. (ከዚህ ጀምሮ የሊቃውንቱን ሥራ ዘመን የምንጽፈው በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው) መናገር ያቃተው አንድ ሕመምተኛ በሞተ ጊዜ አንጎሉን መርምረው ጕዳቱ በግራው ወገን መሆኑን ገለጡ። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት ያህል ብዙ ሊቃውንት የአንጎል ሥራ በግራና በቀኝ መከፈሉ፥ ንግግር ለተሰጠው ለሰው ብቻ የተለየ ክብር ነው ብለው ያስቡ ነበር። ይህ አሳብ ግን አልጸናም። በ1971 ዓ.ም. ፈርናንዶ ኖተቦም የተባሉት ሊቅ ዘማሪ ወፍ ድምፅዋን የምታወጣው በአብዛኛው በግራው ወገን ነርቭ ትእዛዝ መሆኑን አስረዱ፤ በ1979 ዓ.ም. ደግሞ በአውስትራልያ አገር ሌስሊ ሮጀርስ የተባሉት ሴት ሊቅ የጫጩት አንጎል ሥራውን በግራና በቀኝ የከፈለ መሆኑን አሳዩ። ከዚህ በኋላ ምርመራው ከዓሣ እስከ ዝንጀሮ ደረሰ።

በብዙዎቹ እንስሳት ዘንድ የተገኘው ክፍያ በአጭሩ እንዲህ ነው። ቀኝ ዓይን ከግራ አንጎል ጋር ሆኖ የተለመደውን ነገርና በዝግታ የሚለየውን ሥራ፥ ይልቁንም ምግብን ይመለከታል። ግራ ዓይን ከቀኝ አንጎል ጋር ሆኖ ድንገት የሚመጣውን ነገር፥ ጠላትን፥ የባልንጀራን ፊትና በፊቱ ላይ ያለውን ቍጣ ይመለከታል። በቀድሞ ዘመን በነበሩት ታላላቅ ቤቶች ብንመስለው፥ ቀኝ ዓይን ጓዳውን የሚጠብቅ መጋቢ ነው፤ ግራ ዓይን ደግሞ በደጅ ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን በፊቱ የሚለይ አጋፋሪ ነው።

ይህንም በቀላሉ የምታስረዳው በውሃ ዳር የምትገኘው ጕርጥ ናት። በ1998 ዓ.ም. በታተመው ምርመራ ጕርጦች የሚበላ ነፍሳት በቀኛቸው በኩል ሲያልፍ ምላሳቸውን ፈጥነው ይወረውሩበታል፤ ለጠብ በባልንጀራቸው ላይ ምላሳቸውን የሚወረውሩ ሲሆን ግን ይበልጡን የሚመቱት በግራቸው ያለውን ነው። በቤታችን ያለው ውሻም ከዚህ ሕግ አልወጣም። በኢጣልያ አገር በባሪ ዩኒቨርሲቲ በ30 ውሾች ላይ ተደርጎ በ2007 ዓ.ም. በታተመው ምርመራ፥ ውሻው ጌታውን ባየ ጊዜ ጭራውን የሚቈላው ይበልጡን ወደ ቀኝ አዘንብሎ ሆኖ ተገኘ፤ የማያውቀውንና የሚያስፈራውን ውሻ ባየ ጊዜ ግን ጭራው ወደ ግራ አዘነበለ። እንግዲህ ጭራውን ይቈላል ብሎ ወደ እንግዳ ውሻ እጁን የሚዘረጋ ልጅ ቢኖር፥ ጭራ ሁሉ የፍቅር ምልክት እንዳይደለ ሊነገረው ይገባል።

የስሜን ጭላዳ

ለዚህ ነገር ከአገራችን የተገኘው ምስክር የጭላዳ ጠብ ነው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ በዱር የማይገኝ ፍጥረት ነው። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 ዓ.ም. ለኤውሮፓ ሊቃውንት ባስታወቁት ጊዜ የአገሬውን ስም ይዘው ጻፉት፤ ስሙም እስከ ዛሬ በሊቃውንት መጽሐፍ እንዲሁ ይጠራል። ይልቁንም በብዛት የሚታየው በስሜን ተራራ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ይህም ፓርክ በ1978 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ በመጀመሪያ ከገቡት ሥፍራዎች አንዱ ነው።

ጭላዳ ሣር በል ነው። ማለዳ ከተኛበት ገደል ወጥቶ በሜዳው ላይ ይቀመጥና በሁለት እጁ ሣር እየነጨ ይውላል። አንድ ጐፈሬው የረዘመ ወንድ፥ ጥቂት ሴቶችና ልጆቻቸው አንድ ቤተ ሰብ ይሆናሉ፤ ብዙ ቤተ ሰብም ተሰብስቦ አንዳንድ ጊዜ በመቶ የሚቈጠር መንጋ ይሆናል። ሚስት የሌላቸው ጐልማሶች ደግሞ ለብቻቸው ተባብረው በመንጋው ዳር ይዞራሉ። ከእነዚህ አንዱ የቤቱን ጌታ ተዋግቶ ያሸነፈ እንደ ሆነ ቤቱን ይወርሳል፤ የተሸነፈውም ጌትነቱን ያጣል።

ስለዚህ ለወንድ ጭላዳ የባላጋራውን ፊት አንብቦ መለየት ሚስትና ልጅ የሚያጡበት ወይም የሚያቆዩበት ጕዳይ ነው። ፊቱም ብዙ ይናገራል። የተቈጣ ጭላዳ ቅንድቡን ወደ ላይ ስቦ ነጣ ያለውን የዓይኑን ቈብ ያሳያል፤ የላይ ከንፈሩንም ገልብጦ ድዱንና ረዣዥም ክራንቻውን ይገልጣል። ከዚህ ውስጥ የትኛው ዛቻ ብቻ እንደ ሆነ፥ የትኛውም ወደ ንክሻ እንደሚያደርስ በቅጽበት መለየት ያስፈልጋል።

እንግሊዛዊው ሊቅ ሮቢን ደንባር በ1970ዎቹ ዓመታት በስሜን ተቀምጠው የጭላዳን ኑሮ መረመሩ። በ1996 ዓ.ም. ካስፐርድ ከተባሉት ሊቅ ጋር ባሳተሙት ጽሑፍም በዱር የሚኖሩ ወንዶች ጭላዶች በሚጣሉበት ጊዜ ባላጋራቸውን በየትኛው ወገን እንደሚይዙት ገለጡ። ሲቀራረቡም፥ ሲዛዛቱም፥ ሲዋጉም ባላጋራቸውን ከቀኛቸው ይልቅ በግራቸው በኩል አድርገው የሚመለከቱበት ጊዜ በዝቶ ተገኘ። በግራ የታየው ፊት አስቀድሞ ወደ ቀኙ አንጎል ይደርሳልና፥ የቀኙም አንጎል የፊትን ቍጣ ለመለየት የበረታ ነውና፥ ጭላዳው ይህን ሲያደርግ ጕዳዩን ለሚያውቀው ዳኛ እንደ ማቅረብ ያህል ነው።

ይህ ማለት ግን እያንዳንዱ ጭላዳ ሁልጊዜ በግራው ብቻ ይመለከታል ማለት አይደለም። ብዙ ጠብ ተቈጥሮ ሚዛኑ ወደ ግራ አዘነበለ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ምርመራ የተደረገው በእስር ቤት ባለ እንስሳ ላይ ሳይሆን በገዛ ተራራው ላይ በነጻ በሚኖር ፍጥረት ላይ ስለ ሆነ ክብደት አለው። እኛ ነገር ሲጠፋብን ግራ ገባን እንላለን፤ ጭላዳ ግን ነገሩን የሚያስተውለው በግራው ሲገባለት ነው።

የቈላው ዝንጀሮ

ከስሜን ደጋ ወደ ቤኒሻንጉል ቈላ ብንወርድ ሌላ ዝንጀሮ እናገኛለን፤ እርሱም ጠጕሩ ወደ ወይራ ቅጠል መልክ የሚያደላውና ገበሬው በማሽላና በበቈሎ ማሳው ላይ በሚያደርሰው ጥፋት የሚያውቀው ነው። ይህ ዓይነት ዝንጀሮ በፈረንሳይ አገር በሩሴ በሚገኘው የምርመራ ጣቢያ ይጠበቃልና፥ አድሪየን መጌርዲቺያንና ዣክ ቮክሌር የተባሉት ሊቃውንት በ2006 ዓ.ም. ስለ እጁ ምልክት የጻፉት ነገር አለ። ዝንጀሮው ባላጋራውን ለማስፈራራት መሬቱን በመዳፉ ደጋግሞ ይመታል፤ ይህንም ምልክት ብዙዎቹ የሚያደርጉት በቀኝ እጃቸው ሆኖ ተገኘ። ቀኝ እጅ የሚታዘዘው በግራው አንጎል ነው፤ ግራው አንጎል ደግሞ በአብዛኛው ሰው ዘንድ ንግግር የሚሠራበት ወገን ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ምርመራ አንድ ላይ ብናስተያያቸው፥ ደገኛው የባላጋራውን ፊት በግራው ያነብባል፤ ቈለኛውም መልእክቱን በቀኙ ይልካል። አንዱ ወገን የሚሰማ ጆሮ፥ ሌላው ወገን የሚናገር አፍ እንደ መሆን ያህል ነው። ይህንም ክፍያ ሰው ለብቻው እንዳላገኘው፥ በቋንቋ የማይናገሩት ዘመዶቹም ከእርሱ ጋር እንደሚካፈሉት ያስረዳናል።

ዶሮና ጫጩት

የክፍያው ጥቅም ምን እንደ ሆነ ከሁሉ ይልቅ ግልጥ ሆኖ የታየው በጫጩት ነው። ዕንቍላሉ ሊፈለፈል ሲቃረብ ጫጩቱ በቅርፊቱ ውስጥ አንገቱን አጥፎ ግራ ዓይኑን ወደ ገላው ያስጠጋል፤ ቀኝ ዓይኑ ግን ወደ ቅርፊቱ ዞሮ ይገኛል። ዶሮዋ ታቅፋ ቆይታ እህል ልትለቅም በተነሣች ጊዜ የቀን ብርሃን በቅርፊቱ ዘልቆ የሚያገኘው ይህን ቀኝ ዓይን ነው። ይህ ጥቂት ብርሃን ሁለቱ ዓይኖች ከአንጎል ጋር ያላቸውን ግንኙነት ያለያየዋል።

ሮጀርስ ከኢጣልያዊው ሊቅ ከጆርጆ ቫሎርቲጋራና ከሌላ ባልደረባቸው ጋር በ2004 ዓ.ም. ባሳተሙት ምርመራ፥ በዕንቍላሉ ውስጥ ሳሉ ብርሃን ያገኙትንና በጨለማ የቆዩትን ጫጩቶች አስተያዩ። ጥሬውን ከጠጠር ጋር ቀላቅለው በተኑላቸው፤ በላያቸውም ጭልፊት የመሰለ ጥላ አንዣበቡባቸው። ብርሃን ያገኙት ጫጩቶች በቀኝ ዓይናቸው ጥሬውን ከጠጠሩ እየለዩ፥ በግራ ዓይናቸው ሰማዩን ጠበቁ። በጨለማ የቆዩት ግን ሁለቱን ሥራ ባንድ ጊዜ ለማድረግ ተቸገሩ፤ ጥላውን በተመለከቱ ጊዜ ጥሬውን ከጠጠር መለየት ከበዳቸው።

የክፍያው ጥቅም ለማኅበራቸውም ደርሷል። ከዚያ ቀደም ሲል በ1989 ዓ.ም. በታተመው ምርመራ፥ ብርሃን ያገኙት ጫጩቶች በመብል ሥፍራ ማን እንደሚቀድምና ማን እንደሚከተል ያቆሙት ሥርዓት በጨለማ ከቆዩት ይልቅ የጸና ነበር። ቫሎርቲጋራም ከሌላ ሊቅ ጋር ባሳተሙት ምርመራ፥ አብሮ አደጉን ከእንግዳው ጫጩት የሚለየው ግራ ዓይን መሆኑን አስረዱ። አጋፋሪው በደጅ ሲኖር በቤት ውስጥ ጠብ ይቀንሳልና ይህ የሚያስደንቅ አይደለም።

ስለዚህ ዶሮ የምታስታቅፍ እመቤት፥ ዶሮዋን ጭር ያለ ሥፍራ ብትመርጥላት መልካም ነው፤ ነገር ግን ሌትና ቀን የማይለይበትን ጨለማ ጓዳ ትታ የቀን ብርሃን በመጠኑ የሚደርስበትን ጥግ ብትሰጣት፥ የተፈጥሮን ሥርዓት ረዳች እንጂ አላወከችም።

ሁሉም በአንድ ወገን ስለ ምን ሆነ

አንድ ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ሥራን ለሁለት መክፈል ጠቃሚ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ጫጩት በግራው፥ ሌላው በቀኙ ጠላቱን ቢጠብቅ ምን ይጐዳል? አብዛኞቹ ባንድ ወገን መሆናቸው ስለ ምን ነው?

ቫሎርቲጋራ ስቴፋኖ ጊርላንዳ ከተባሉት ሊቅ ጋር በ2004 ዓ.ም. ለዚህ መልስ ሰጡ። ብቻውን ለሚኖር እንስሳ ወገኑ የትኛውም ቢሆን አይጐዳውም። በማኅበር የሚኖር እንስሳ ግን ከባልንጀሮቹ ጋር አብሮ መዞር፥ አብሮ መሸሽ አለበት፤ ግማሹ ወደ ግራ፥ ግማሹ ወደ ቀኝ የሚሸሽ መንጋ ተበትኖ በጠላት እጅ ይወድቃል። ከዚህ ጋር የሚስማማ ነገር ቀድሞ በ2000 ዓ.ም. በዓሦች ላይ ታይቶ ነበር። 16 ዓይነት ዓሦች ሲመረመሩ፥ በመንጋ የሚኖሩት ስድስቱ ሁሉ እያንዳንዱ ዓይነት አብዛኞቹ ወደ አንድ ወገን የሚዞሩ ሆኑ፤ ለየብቻ ከሚኖሩት ከአሥሩ ግን እንደዚህ ሆነው የተገኙት ጥቂቶቹ ናቸው።

ይህን ነገር በመሶብ ዙሪያ የተቀመጠ ቤተ ሰብ በደንብ ያውቀዋል። ሁሉም በቀኝ እጁ ሲጐርስ ክርን ከክርን አይጋጭም፤ አንዱ በግራው የጐረሰ እንደ ሆነ ግን ጐረቤቱን ይገፋዋል። ቀኙ ከግራው የተሻለ ስለ ሆነ ሳይሆን፥ መስማማቱ ራሱ ጥቅም ስላለው ነው።

እነዚሁ ሊቃውንት ደግሞ ከብዙዎቹ የሚለዩት ጥቂቶች ስለ ምን ጨርሰው እንዳልጠፉ አስረዱ። ጠላት የብዙዎቹን ልማድ ያውቃል፤ የጥቂቶቹን ግን አይጠብቅም፤ ስለዚህ ጥቂቶቹ ጥቂት ሆነው እስከ ቆዩ ድረስ ባልተጠበቀ ወገን በመገኘታቸው ይጠቀማሉ። በሰውም ዘንድ ከአሥር አንድ ያህሉ ግራኝ ነው፤ በቡጢና በሰይፍ ጨዋታም ግራኝ ተጋጣሚ ያስቸግራል። በአገራችን ታሪክ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ግራኝ ተብለው የተጠሩት በግራ እጃቸው ስለሚጠቀሙ ነው፤ እስከ 1543 ዓ.ም. ድረስ ያደረጉትን ጦርነት የሚያውቅ ሁሉ ግራ እጅ ደካማ ነው ብሎ አይከራከርም።

እናትና ልጅ

እስካሁን ስለ ጠብና ስለ መብል ተናገርን፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የእናትና የልጅ ነገር ነው። በሩስያ አገር የሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ካሪና ካሬኒና፥ አንድሬይ ጊልዮቭና የጎር ማላሺቼቭ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2017 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ 11 ዓይነት አጥቢ እንስሳትን መረመሩ። ከእነዚህም ውስጥ ፈረስ፥ የሰሜን አጋዘን፥ ካንጋሮና ዋልረስ የሚባለው የባሕር አውሬ ይገኙባቸዋል። ልጆቹ ከእናታቸው ኋላ ሲከተሉ ወይም ወደ እርስዋ ሲቀርቡ፥ እናታቸውን በግራቸው በኩል እንድትሆን ማድረግን ይመርጣሉ። በግራ ዓይኑ እናቱን የሚያይ ግልገል ፊቷንና አካሄዷን በቀኙ አንጎሉ ይከታተላል፤ ከመንጋውም መካከል አይስታትም።

ስለ ሰው ደግሞ ሊ ሳልክ የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ በ1960 ዓ.ም. ጽፈዋል። በኒውዮርክ ከተማ በአራዊት መጠበቂያ አንዲት ጦጣ ልጅዋን አቅፋ 42 ጊዜ አዩአት፤ ከዚህም 40ውን ጊዜ ልጅዋን የያዘችው በግራዋ ነበር። ከዚያ በኋላ 287 የወለዱ ሴቶችን ተመለከቱ። ቀኝ እጃቸውን ከሚያዘወትሩት ውስጥ ከመቶው 83፥ ግራኝ ከሆኑትም ውስጥ ከመቶው 78 ሕፃኑን በግራቸው አቀፉ። ቀኝ እጅ ለሥራ ነጻ እንዲሆን ነው የሚለው አሳብ በዚህ ፈረሰ፤ እንዲያ ቢሆን ግራኞቹ በቀኛቸው ባቀፉ ነበርና። ሳልክ ሕፃኑ የእናቱን የልብ ትርታ እንዲሰማ ነው ብለው አሰቡ። ኋላ የተነሡት ሊቃውንት ግን በግራ ክንድ ያለ ሕፃን ፊቱ በእናቱ የግራ እይታ ውስጥ ስለሚወድቅ፥ እናቲቱ ደስታውንና ሕመሙን በቀኙ አንጎሏ ፈጥና ታውቃለች ብለው ተረጐሙት።

በዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። በእንግሊዝ አገር በደርሃም ዩኒቨርሲቲ በ79 እናቶች ላይ ተደርጎ በ2009 ዓ.ም. በታተመው ምርመራ፥ ጭንቀትም ኀዘንም ከሌለባቸው ውስጥ ከመቶው 86 በግራ ሲያቅፉ፥ ጭንቀት ከበዛባቸው ውስጥ ከመቶው 32 በቀኛቸው የሚያቅፉ ሆኑ። በ2020 ዓ.ም. በታተመው ሌላ ምርመራም ቀደም ብለን ያነሣነው የቈላው ዝንጀሮ እናቶች ልጃቸውን በግራ ማቀፍን ሲመርጡ ታዩ፤ ብዙ ሆነው በተጨናነቁበት ሥፍራ ግን ይህ ምርጫ ደከመ። እንግዲህ በጭንቀት የተያዘች እናት፥ ሰውም ትሁን ዝንጀሮ፥ ልጅዋን የምታይበት ወገን እንኳ ሊናወጥባት ይችላል።

ይህን አንብቦ ሚስቱን ልጁን በቀኝሽ ለምን ያዝሽ ብሎ የሚመረምር ባል ቢኖር ነገሩን ፈጽሞ ስቶታል። በቀኛቸው የሚያቅፉ ጤነኛና ደስተኛ እናቶች ብዙዎች ናቸው፤ ክንድም ሲደክም ይለወጣል። ትምህርቱ ለባልና ለዘመድ ነው። አራሷን ከእንግዳ ብዛት፥ ከቤት ሥራና ከነገር አሳርፉአት፤ የእርስዋ ዕረፍት በልጅዋ ፊት ላይ በሚያርፈው ዓይን ይታወቃልና።

ስለ ግራኝ ልጆች

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ቤታችን እንመለስ። በብዙ ቤት አንድ ልጅ ማንኪያውን ወይም እርሳሱን በግራው ያነሣ እንደ ሆነ ይቈጡታል፤ እጁን የሚመቱት፥ የሚያስሩትም አልታጡም። ወላጆች ይህን የሚያደርጉት በክፋት አይደለም፤ ልጃችን ከሰው ተለይቶ እንዳይታይ፥ እንዳይነቀፍም ብለው ነው። ነገር ግን እጅ ሲታሰር አንጎል አይዞርም። ልጁ በግራ እጁ የሚጠቀመው በስንፍና ወይም በእልከኝነት ሳይሆን አንጎሉ ሥራውን ባከፋፈለበት ሥርዓት ነው። ከአብዛኞቹ ግራኞች ዘንድ ደግሞ ንግግር እንደ ሌላው ሰው ሁሉ በግራው አንጎል ይሠራል፤ ስለዚህ ግራኝ ልጅ አእምሮው የተገለበጠ ነው የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

እንዲሁም በዘመናችን እገሌ የግራ አንጎል ሰው ነው፥ እገሌ የቀኝ አንጎል ሰው ነው እያሉ ሰውን በሁለት የሚከፍሉ አሉ። ይህም ስሕተት ነው። ጫጩቱ እንኳ የሚድነው በሁለቱ ዓይኖቹ አብሮ በመሥራቱ ነው፤ የሰውም ሁለት ወገን አንጎል በዚያ ድልድይ እየተመካከረ ይሠራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የመሶብን ሥርዓት ከልጁ ተፈጥሮ ለይቶ ማየት ይገባል። በአንድ ገበታ ከሌላው ጋር ሲቀመጥ በቀኙ እንዲጐርስ በፍቅር ቢያስተምሩት፥ ይህ የማኅበር ስምምነት ነውና አይጐዳውም። ብዕር፥ መርፌ፥ ቢላዋና መዶሻ ግን በሚቀናው እጅ ይያዝ። መምህሩም ክርኑ ከጐረቤቱ ክርን እንዳይጋጭ በወንበሩ ግራ ጫፍ ቢያስቀምጠው ጠቡ ሁሉ ያበቃል። ስለ እጁ የተመታ ልጅ ፊደሉን ሳይሆን ፍርሃትን ይማራል፤ መጽሐፍን በጠላበት ጊዜም ምክንያቱ እጁ ሳይሆን አለንጋው ነው።

ጭላዳ የባላጋራውን ፊት የሚያነብበት፥ ጫጩት ጭልፊቱን የሚጠብቅበት፥ ውርንጫ እናቱን የማይስትበት፥ እናትም የልጅዋን ልቅሶ ከሳቁ የምትለይበት ወገን ግራ ነው። ቀኙም ጥሬውን ከጠጠር ይለያል፤ መልእክትንም ያደርሳል። ስለዚህ በልጆቻችን ላይ ከመፍረዳችን በፊት በችሎት የምናደርገውን በቤታችንም እናድርግ፤ ግራ ቀኙን እንስማ።